በፋንድያ ጢስ የጠቈረ ሸክላ፤ ስለ ማሪያ ማርቲኔዝ የእጅ ሥራ

በዚህ መጽሔት እስካሁን ከወጡት ጽሑፎች አብዛኞቹ ጸሐፊው በተወለደበት አገር ስላለው ልማድ የሚናገሩ ናቸው። እኛ ግን በዚህ ጊዜ ከአገራችን ርቆ ስለሚገኝ አንድ የእጅ ሥራ ለመጻፍ ተነሣን። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ከገበያ ጀበና ወይም ማሰሮ የሚገዛ ሰው ዕቃው ያልተሰነጠቀ መሆኑን በጣቱ ቈርቈር አድርጎ በድምፁ ይለያል፤ በዋጋውም ይከራከራል፤ የሠሪዋን ስም ግን አይጠይቅም። ሠሪዋም ስሟን በዕቃው ላይ አትጽፍም። በሰሜን አሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግን አንዲት የገጠር ሴት እንደኛዎቹ ሸክላ ሠሪዎች ጭቃውን በእጇ ጠምጥማ፣ እንደነርሱም በኩበት እሳት አቃጥላ የሠራችው ማሰሮ፣ ከታቹ ስሟ ተጽፎበት በትልልቅ ቤተ መዘክሮች በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በማሰሮው ሥር የተጻፈውስ ስም በእርግጥ የማን ስም ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሴቲቱ ማሪያ ማርቲኔዝ ትባላለች። በ1880ዎቹ ዓመታት ሳን ኢልዴፎንሶ በሚባል መንደር ተወለደች፤ ብዙዎች ጸሐፊዎች 1887ን ይጠቅሳሉ። መንደሩ ከሳንታ ፌ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ አጠገብ ይገኛል። ቤቶቹ የጭቃ ናቸው፤ በአንድ ሰፊ አደባባይ ዙሪያም ተሠርተዋል። የመንደሩ ሰዎች ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን ሲሆኑ ቋንቋቸው ቴዋ ይባላል። እስፓኞች በ1598 መጥተው በአገሩ በሰፈሩ ጊዜ እንዲህ ያሉትን መንደሮች ሁሉ ፑዌብሎ አሏቸው፤ ትርጓሜውም በቋንቋቸው መንደር ማለት ነው። በ1680 ፑዌብሎዎቹ በአንድነት ተነሥተው እስፓኞችን ለ12 ዓመት ያህል ከአገራቸው አስወጥተዋቸው ነበር። ኋላ ግን እስፓኞች ተመለሱ፤ ከእነርሱም በኋላ የሜክሲኮ መንግሥት፣ ከ1846 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ጦር ገዛው። ማሪያ የሚለው ስም የመጣው ከእስፓኞች ሃይማኖት ነው፤ በቴዋ ስሟ ፖቬካ ነበረች፤ ይኸውም በውኃ ላይ የሚያብብ የአበባ ስም ነው።

በ1880 የምድር ባቡር ወደ አካባቢው በደረሰ ጊዜ ቆርቆሮ ባልዲና የብረት ድስት ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ሸክላ ለውኃ መቅጃ፣ ለእህል ማስቀመጫና ለምግብ ማብሰያ የማይቀር ዕቃ ነበር። ቆርቆሮው ግን ከማይሰበር ይልቅ ርካሽ በመሆኑ ሸክላውን ከማድቤት አወጣው። ይህን የምናነሣው አዲስ ነገር ስለሆነ አይደለም፤ የእኛን አገር እንስራ ከወንዝ ዳር ያስወጣውን የፕላስቲክ ጀሪካን የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ይረዳዋል። ልዩነቱ፣ ያው ባቡር ቆርቆሮውን ባመጣበት ፉርጎ አጠገብ ጐብኚዎችንም ጭኖ መምጣቱ ነው። ጐብኚው ውኃ የሚቀዳበት ዕቃ አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው ለማስታወሻ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ የመንደሮቹ ሴቶች ትንንሽና በጥድፊያ የተሠራ ሸክላ በባቡር ጣቢያ እየሸጡ ኑሯቸውን ይደግፉ ጀመር። ማሪያ ያደገችው በዚህ ጊዜ ነው።

የእጅ ሥራውን ያስተማረቻት አክስቷ ኒኮላሳ ፔኛ ናት። ማስተማር ስንል ግን በቃል የተሰጠ ትምህርት የነበረ እንዳይመስል። ልጅቱ ከአክስቷ አጠገብ ተቀምጣ እያየች፣ ጭቃውን እየዳሰሰች፣ ያበላሸችውን አፍርሳ እንደገና እየጀመረች ተማረች። በ1904 ጁሊያን ማርቲኔዝን አገባች፤ ሙሽሮቹም በዚያው ዓመት በሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሸክላ ሲሠሩ ሕዝብ እንዲያያቸው ተወሰዱ። የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት በተመልካች ፊት መሆኑ ነው። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ፣ «ሥራቸውን ነው ወይስ እነርሱን ራሳቸውን ነው ሊያዩ የመጡት?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሁለቱንም ነው ብለን እናምናለን።

ከ1907 ጀምሮ ኤድጋር ሂዌት የሚባል የሥነ ቅርስ ሊቅ ከመንደሩ በስተ ምዕራብ ባለው የፓሃሪቶ ደጋ ላይ የጥንት ፍርስራሾችን ያስቈፍር ነበር። ጁሊያን ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ ነበር። ከአፈር የወጣውን ገል ያየው ሂዌት፣ እንዲህ ያለውን የጥንት ማሰሮ አስመስላ ትሠራለት እንደሆነ ማሪያን ጠየቃት፤ እርሷም ሠራች፤ ሥዕሉን ግን ባሏ ሣለው። እንግዲህ በጐብኚዎች ዘንድ ተደጋግሞ የሚነገረው ታሪክ፣ ማሪያ ከአንዲት ጥቁር ገል ተነሥታ ጠፍቶ የነበረ ጥበብ ከሞት አስነሣች የሚል ነው። ታሪኩ ያማረ ነው፤ እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሸክላ በዚያን ጊዜ ጠፍቶ አልነበረም፤ ጎረቤት የሆነው የሳንታ ክላራ መንደር ሴቶች በ19ኛው መቶ ዘመን ሁሉ ሲሠሩት ኖረዋል። ማሪያና ጁሊያን በ1919 አካባቢ ከብዙ ሙከራ በኋላ ያገኙት አዲስ ነገር ሌላ ነው። ይኸውም በሚያብረቀርቅ ጥቁር ላይ በደብዛዛ ጥቁር መሣል ነው። ሥዕሉም መደቡም አንድ ቀለም ሲሆኑ የሚለያቸው ብርሃን ብቻ ነው። ማሰሮውን በእጅ ሲያዞሩት አንድ ጊዜ ሥዕሉ ጐልቶ ይታያል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ይሰወራል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ከአፈሩ መጀመር ያስፈልጋል። አፈሩ የሚቈፈረው ከመንደሩ መሬት ነው። ከመቈፈራቸው በፊት ለምድር ምስጋና ጥቂት የበቆሎ ዱቄት ይበትናሉ። አፈሩ ደርቆና ተነፍቶ ከእሳተ ገሞራ ከተረፈ ደቃቅ አመድ ጋር ይቀላቀላል። ብቻውን የሆነ ጭቃ ሲደርቅ እጅግ ይኰማተርና ይሰነጠቃል፤ በእሳትም ላይ በውስጡ የቀረው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ይሰብረዋል። አመዱ ጭቃውን ያላላዋል፤ ለእንፋሎቱም መንገድ ይከፍትለታል። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪዎች አሮጌ ገል ወቅጠው ከጭቃው ጋር የሚቀላቅሉት ለዚሁ ነው።

ጭቃው ከታቦካ በኋላ ማሪያ መሠረቱን ፑኪ በሚባል ጐድጓዳ ገል ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያም ጭቃውን በመዳፎቿ መካከል እያድቦለቦለች እንደ ገመድ ታረዝመዋለች፤ አንዱን በአንዱ ላይ እየጠመጠመች ግድግዳውን ታወጣለች። የሸክላ መንኰራኵር አይታወቅም፤ እስፓኞች እስኪመጡ ድረስ በአሜሪካ ምድር መንኰራኵር ላይ የተሠራ ሸክላ አልነበረም። ፑኪው ራሱ በእጅ ስለሚዞር ከመንኰራኵር ጥቅም ጥቂቱን ይሰጣል። የጥምጥሙን መጋጠሚያ በቅል ስባሪ እየፋቀች ታስተካክለዋለች። ቅርጹ የሚወጣው በዓይንና በእጅ ብቻ ነው፤ ሆኖም የማሪያን ትልልቅ ማሰሮዎች ያዩ ሰዎች ግድግዳቸው ቀጭንና እኩል በመሆኑ ይደነቃሉ። እኛ ፎቶግራፉን ብቻ ነው ያየነው፤ በእርሱም ቢሆን የማሰሮው ትከሻ እንዴት ያለ መወጠር እንዳለበት ያስታውቃል።

ዕቃው ለብዙ ቀን ከደረቀ በኋላ ተፍቆ ይለሰልስና በውኃ የተበጠበጠ ቀይ አፈር ይቀባል። ሥራው ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ቅቡ ሳይደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ አንድ ጊዜ ከተጀመረም እስኪያልቅ ድረስ ማቋረጥ የለም። ሠሪዋ እንግዳ መጣብኝ ወይም ልጅ አለቀሰብኝ ብላ ብትነሣ የቀረው ክፍል ይደርቅባትና ቅቡን ፍቃ እንደገና መጀመር ግድ ይሆንባታል። የማሻው ድንጋይ ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ ነው፤ ከብዙ እጅ በማለፉም ራሱ እንደ መስተዋት ለስልሷል። ድንጋዩ የሚሠራው ነገር ሲመረመር እንዲህ ነው፤ የሸክላ አፈር ቅንጣቶች እንደ ቅርፊት ጠፍጣፋ ስለሆኑ መታሸቱ ሁሉንም በአንድ ወገን ያስተኛቸዋል፤ የተኛውም ገጽ ብርሃንን አንድ ላይ ይመልሳል። ስለዚህ ብልጭታው የመጣው በላዩ ከተቀባ ቅባት ወይም ከብርጭቆ መሰል ልባስ አይደለም። ከዚህ በኋላ ጁሊያን ቀጭን የአፈር ቅብ ወስዶ በታሸው ገጽ ላይ ይሥላል። ይህ ቅብ ስለማይታሽ ቅንጣቶቹ እንደተዘበራረቁ ይቀራሉ፤ ብርሃንን ይበትናሉ፤ ደብዛዛም ሆነው ይታያሉ። ብሩሹ በመንደሩ ልማድ ዩካ ከሚባል ተክል ቅጠል ጫፉን በማኘክ የሚሠራ ነው። ጁሊያን አዘውትሮ የሚሥለው አቫንዩ የተባለውን ቀንዳም የውኃ እባብ ነበር፤ እባቡም በበረሓ መሬት ላይ በድንገት የሚወርድ የጎርፍ ውኃ ምሳሌ ነው። ሌላው የታወቀ ሥዕሉ በማሰሮው አፍ ዙሪያ የተደረደረ ላባ ሲሆን፣ ሐሳቡን የወሰደው በደቡብ ኒው ሜክሲኮ ከተገኘ ከጥንቱ የሚምብሬስ ሸክላ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። ምድጃ የለም። ነፋስ የሌለበት ማለዳ ይመረጣል፤ መሬቱም እርጥበት እንዳይኖረው አስቀድሞ እሳት ይነድበታል። በመሬቱ ላይ የብረት ወንፊት በጣሳዎች ተደግፎ ይዘረጋል፤ በሥሩ ደረቅ የጥድ ፍልጥ ይገባል። ማሰሮዎቹ ተደፍተው ይደረደራሉ፤ ኩበቱ በቀጥታ እንዳይነካቸው በቆርቆሮ ይሸፈናሉ፤ ለዚህም አሮጌ የመኪና ታርጋ ሳይቀር ያገለግላል። በዙሪያውና በላዩ ኩበት እንደ ግንብ ይካባል። ከዚያ እሳቱ ይለኰሳል፤ በዙሪያው ያሉት ሰዎችም ነፋሱን እያዩ በዝምታ ይጠብቃሉ። የወራት ሥራ በአንድ ሰዓት ሊጠፋ ይችላልና። አንዱ ማሰሮ ከፈነዳ ስባሪው ጎረቤቶቹንም ይዞ ይሄዳል።

በዚህ ደረጃ እሳቱ ቢተው ማሰሮዎቹ ቀይ ሆነው ይወጣሉ። በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ቀይ ስለሚሆን ነው፤ የጡብ ቅላትም ከዚሁ የመጣ ነው። ጥቁሩን ለማግኘት ግን ሙቀቱ ከ650 እስከ 700 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እሳቱ በደቃቅ የፈረስ ፋንድያ ይዳፈናል። በላዩም አመድ ይጨመርና ጢስ የሚወጣበት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። የታፈነው እሳት ኦክሲጅን ይራባል፤ አየር ሲያጣ በሸክላው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይሻማል፤ ቀዩም ብረት ወደ ጥቁርነት ይለወጣል። ከጢሱም ደቃቅ ካርቦን በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰርጋል። የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ሲታጠን ያየ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ሊገምተው ይችላል፤ ማሪያም ማሰሮዋን አጠነችው ብንል ስሕተት አይሆንብንም። ልዩነቱ፣ የወተት ዕቃው ጢስ ከላይ የሚቀመጥ ሽታ ሲሆን የዚህኛው ግን ሸክላውን ራሱን መለወጡ ነው።

ይህን በወረቀት ላይ ብቻ እንዳናስቀረው በማለት እኛም ሞከርነው። በከተማው ዳር የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ሸክላ ሠሪ ሦስት ትንንሽ ጽዋዎች አበጅተው፣ በጠጠር አሽተው ሰጡን። ኩበት ገዛን፤ ፋንድያውን ከጋሪ ፈረሶች ማቆሚያ ለቀምን፤ ሣቁብንም። እሳቱን በጊዜው ዳፈንነው፤ ነገር ግን ውጤቱን ለማየት ስለጓጓን ገና ትኩስ ሳለ ከፈትነው። ሁለቱ ጽዋዎች በዓይናችን ፊት ከጥቁርነት ወደ ቡናማነት ተመለሱ፤ የጋለው ሸክላ አየር እንዳገኘ ብረቱ ወዲያውኑ ወደ ቀይነት መሄድ ጀምሯልና። ከአመዱ በታች ተቀብሮ የቀረው ሦስተኛው ብቻ ጥቁር ሆኖ ወጣ። አዛውንቷ ከሩቅ ሆነው ሲመለከቱን ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ እሳቱ ሳይጠግብ ነው ያስነሣችሁት» አሉን። ስለ ኦክሲጅን የተማርነውን ልናስረዳቸው ብንጀምርም የነገሩን ነገር ያው ነበር።

ከዚህ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ አቃጠል «ጥንታዊ» ነው ለማለት ይቻላልን? በብዙ መጻሕፍት እንዲሁ ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን ላምና ፈረስ ወደ አሜሪካ የመጡት ከእስፓኞች ጋር ነው። ስለዚህ ኩበቱም ፋንድያውም ከ16ኛው መቶ ዘመን በፊት በዚያ ምድር አልነበሩም። የብረት ወንፊቱና ታርጋውማ የሃያኛው መቶ ዘመን ናቸው። በጥቁር ላይ ጥቁር መሣልም በ1919 አካባቢ የተገኘ ነው። እንግዲህ ጥንታዊ የምንለው ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው? በእኛ አስተያየት ከጥንት የወረደው አፈሩን ማወቅ፣ መጠምጠም፣ ማሸት፣ ያለ ምድጃም እሳትን በዓይን መግዛት ነው። የቀረውን ሁሉ እያንዳንዱ ትውልድ በእጁ ካገኘው ነገር ጨምሮበታል። ነባር ሥራ የማይለወጥ መሆን አለበት የሚለው አሳብ የሸክላ ሠሪዎቹ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የገዢዎቹና የኛ የተማሪዎቹ ነው።

ሸክላውም ለማድቤት እንደማይሆን መናገር ያስፈልጋል። በዝቅተኛ ሙቀት ስለተቃጠለ ውኃ ያሰርጋል፤ ውኃ ቢቀመጥበት ብልጭታው ይበላሻል። ሙቀቱ ከዚህ ቢጨምር ሸክላው ይጠነክር ነበር፤ ብልጭታው ግን ይጠፋል። ስለዚህ ማሪያ ጥንካሬን ሰጥታ ውበትን ገዛች። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሥራዋ ከእውነተኛ ሸክላነት ወጥቶ የቤት ጌጥ ሆኗል ብለው ይተቻሉ። ትችቱ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ማድቤቱን ቆርቆሮው አስቀድሞ እንደወሰደው መርሳት አይገባም፤ ቤተ ሰብ በእርሻ ብቻ በማይኖርበት ዘመን ማሰሮው ለመስተዋት ሣጥን ተሠርቶ ነው የሠሪዋን ልጆች ያበላው። ማሪያም ጥበቡን ለራሷ ብቻ አልያዘችውም፤ ለእኅቶቿና ለጎረቤቶቿ አሳየቻቸው፤ በ1920ዎቹም ዓመታት ሸክላ ለመንደሩ ዋነኛ የገንዘብ ምንጭ ሆነ።

ስሙን የመጻፍ ልማድ የተጀመረው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በመንደሩ ልማድ ሸክላ አይፈረምበትም ነበር፤ ፊርማ እንዲኖር የፈለጉት ገዢዎች ናቸው። መጀመሪያ የፈረመችውም ማሪ ብላ ነው፤ ይህ ስም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ገዢ ይበልጥ የተለመደ ነው ተብላ ነበርና። የሥዕሉ ሠሪ የጁሊያን ስም ከእርሷ ቀጥሎ መጻፍ የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ጁሊያን በ1943 ሲሞት ምራቷ ሳንታና ሥዕሉን ተረከበች፤ «ማሪና ሳንታና» የሚል ፊርማም መጣ። ከ1956 ጀምሮ ደግሞ ልጇ ፖፖቪ ዳ ይሥልላት ጀመር፤ ፊርማውም «ማሪያና ፖፖቪ» ሆነ። ሳትሣል ለስልሳ ብቻ የወጣችው ማሰሮ «ማሪያ ፖቬካ» ተብላ ተፈረመች። ዛሬ ቤተ መዘክሮች የአንዱን ማሰሮ ዘመን የሚወስኑት በአብዛኛው እነዚህን ፊርማዎች አይተው ነው።

ግን እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። የማሪያ ስም ያለበት ማሰሮ ስም ከሌለበት ይልቅ እጅግ በውድ እንደሚሸጥ የመንደሩ ሴቶች ባዩ ጊዜ፣ ማሪያ በእነርሱም ማሰሮ ላይ ስሟን ትጽፍላቸው ነበር። እርሷ ነውር አልመሰላትም። አፈሩ የሁሉ ነው፤ አቃጠሉም በኅብረት ነው፤ ስሙ ዋጋ ካለው ለሁሉ ዋጋ ያምጣ የሚል አሳብ ይመስላል። ነጋዴዎቹና ሰብሳቢዎቹ ነገሩን ሲሰሙ ግን ደነገጡ፤ ለእነርሱ ፊርማ ማለት የአንድ ሰው እጅ ምስክር ነውና፤ ልማዱም ኋላ ቀረ። ስለዚህ ጉዳይ በመካከላችን ክርክር ነበር። ገሚሶቻችን ማታለል ነው አልን፤ ገዢው የከፈለው ለማሪያ እጅ ነውና። ገሚሶቻችን ደግሞ፣ አንዱ ጠምጥሞት ሌላው ያሸው፣ ሌላው የሣለው፣ ሁሉም ተሰብስበው ያቃጠሉት ማሰሮ ቀድሞውንስ የአንድ ሰው መቼ ነበርና? አልን። ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው ሁለተኛውን አሳብ ይዘን ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አሳብ ተሟጋቾች ገና አልተረቱም።

ክብሩ ግን ዘግይቶ አልመጣም። በ1934 በቺካጎ ኤግዚቢሽን፣ በ1939 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ ኤግዚቢሽን ላይ ተገኝታለች። በ1952 እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች ከጃፓናዊው ከሾጂ ሃማዳ ጋር እስከ መንደሯ ድረስ መጥቶ ጐበኛት። በ1954 የአሜሪካ የሕንፃ ነዳፊዎች ማኅበር ለእጅ ጥበብ የሚሰጠውን ሜዳልያ ሸለማት። ዩኒቨርሲቲዎችም የክብር ዶክትሬት ሰጥተዋታል። ከመንደሩ በላይ ባለው ደጋ ላይ ከ1943 ጀምሮ በሎስ አላሞስ የአቶም ቦምብ ሲሠራ፣ ከታች በወንዙ ዳር ሸክላው በፋንድያ ይታጠን ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ንጽጽሩ ያሳፍረናል። በብዙ የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪ ማለት ቡዳ ማለት ሆኖ ኖሯል፤ ያበጀችውን ማሰሮ ለወጥ የሚወስዱ ሰዎች ከልጇ ጋር ልጃቸውን ለመዳር አይፈቅዱም ነበር፤ ይህም ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አይቻልም። ከጐንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከማሰሮና ከምጣድ ሌላ ትንንሽ የጥቁር ሸክላ ምስሎችን ለጐብኚ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። እንደ ሳን ኢልዴፎንሶ ሁሉ የገዢው ፍላጎት በዚያ አዲስ ነገር አስጀምሯል። ሠሪዎቹ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሥራውን ሌሎች የአካባቢው ሴቶች ቀጠሉበት። ከእነዚያ ምስሎች ብዙዎቹ ዛሬ በውጭ አገር ቤተ መዘክሮችና በሰዎች ቤት ይገኛሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከሥራቸው ስም የለም። በመዝገብ ላይ የሚጻፈው የወገኑ ስምና የቦታው ስም ብቻ ነው። የአንዱ ሕዝብ ሸክላ «የማሪያ» ሲባል የሌላው «የአገሩ» ብቻ ተብሎ የቀረው የእጅ ብልጫ ስላለ አይመስለንም፤ በአንደኛው ቦታ ጠያቂ ስለተገኘና በሌላው ስላልተገኘ ነው።

ለእኛ ጽዋዎቹን ያበጁልን አዛውንት ስማቸውን በዚህ መጽሔት እንድንጽፍ ፈቃዳቸውን ስንጠይቃቸው፣ «ስሜን ከጻፋችሁ ጎረቤቴ ምን ይለኛል? ጽዋውንም እኮ እናንተ ናችሁ ያቃጠላችሁት» አሉን፤ ስለዚህ አልጻፍነውም። ፖፖቪ ዳ በ1971 ሞተ። ማሪያ በ1980 ዐረፈች፤ ከሞቷ ሁለት ዓመት በፊት በዋሽንግተን በሬንዊክ ጋለሪ የአምስት ትውልድ ሸክላ ሠሪዎች ሥራ በአንድነት ታይቶ ነበር። ዘሮቿ ዛሬም ሸክላ ይሠራሉ። ያ ጥቁር ጽዋ ከክፍላችን መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱን ቡናማዎች ለሻይ ልንጠቀምባቸው ብንሞክር ውኃውን አሰረጉት።